በፖስታ የተመላለሰው አልበም

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለአንድ የሙዚቃ ቡድን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የደብዳቤው ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ቡድኑ የሚጠራበት ስም በሕግ የተመዘገበ የመሥሪያ ቤቱ የንግድ ምልክት ስለሆነ መጠቀሙን ያቁም ይላል። የቡድኑ ስም ዘ ፖስታል ሰርቪስ ነው፤ በቀጥታ ቢተረጎም «የፖስታ አገልግሎት» እንደማለት። ስሙ ግን ለማሾፍ የወጣ አልነበረም። አንዱ ሎስ አንጀለስ፣ ሌላው ሲያትል ተቀምጠው፣ ቅንብርና ድምፅ እየቀዱ በፖስታ እየተላላኩ ነበር አልበማቸውን የሠሩት። የፖስታ ቤቱ ደንበኞች እንጂ ተፎካካሪዎች አልነበሩም።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽምግልና በመሰለ ስምምነት አለቀ። ፖስታ ቤቱ በስሙ እንዲጠቀሙ በነፃ ፈቀደላቸው፤ እነሱም በምላሹ ሰዎች ደብዳቤ መላክ እንዳይተዉ ሊቀሰቅሱለት ተስማሙ። ሲዲያቸው በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ለሽያጭ ቀረበ። በኖቬምበር 2004 ደግሞ ሁለቱ ሙዚቀኞች ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው በፖስታ ቤቱ ከፍተኛ ኃላፊዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ተጫወቱ። ከአንድ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ በጠበቃ ያስፈራራ መሥሪያ ቤት እነዚያኑ ሰዎች መድረክ ላይ አውጥቶ ሲያዘፍን ብዙ ጊዜ አይታይም። ኢሜይል የደብዳቤውን ገበያ መሸርሸር በጀመረበት ሰዓት፣ ወጣት አድናቂ ያለው ነገር ሁሉ ለፖስታ ቤቱ ወዳጅ ነበር።

ይህ ወሬ ስለ ቡድኑ በተነሣ ቁጥር እንደ ማጣፈጫ ይነገራል። አልበሙ ራሱ፣ «ጊቭ አፕ»፣ ግን ከማጣፈጫው ይልቅ የሚያነጋግር ነው። አንድ የሮክ ድምፃዊ ከዋናው ባንዱ ሥራ በተረፈው ጊዜ የሞከረው፣ በኮምፒውተር የተቀነባበረ የፖፕ አልበም እንዴት ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሊሸጥ ቻለ? ሁለተኛ አልበም ሳይከተለው ሃያ ዓመት የኖረውስ በምን ኃይሉ ነው? ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዜማዎቹ ቆንጆ ናቸው» የሚል ነው። ናቸው። ግን ቆንጆ ዜማ ያላቸውና የተረሱ አልበሞች መጋዘን ሙሉ ናቸው። የ«ጊቭ አፕ»ን ጠባይ የወሰነው ነገር የሚገኘው ከተሠራበት መንገድ ላይ ነው፤ በርቀቱ፣ በመጠበቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማንም እንጀራ በእሱ ላይ ያልተንጠለጠለ ሥራ በመሆኑ።

ድምፃዊው ቤን ጊባርድ ይባላል። የዋሽንግተን ግዛት ልጅ ነው፤ ከዋና ከተማዋ ሳይሆን ሲያትል ከምትገኝበት፣ ዝናብ ከማይለየው የሰሜን ምዕራብ ጥግ። በ1997 ቤሊንግሃም በምትባል ከተማ ዴዝ ካብ ፎር ኪዩቲ የሚባለውን ባንድ ጀመረ። ባንዱም መጀመሪያ ላይ ባንድ አልነበረም፤ ጊባርድ ብቻውን የቀዳው አንድ ካሴት ነው። ካሴቱ ጆሮ ሲያገኝ ነው ጓደኞቹን የሰበሰበው። የባንዱ ሙዚቃ በጊታር ላይ የቆመ፣ ዝግ ያለ፣ ለመለያየትና ለትዝታ የሚያደላ ሮክ ነበር፤ ፈረንጆቹ ኢንዲ የሚሉት፣ በትናንሽ ሙዚቃ ቤቶች እየታተመ በትናንሽ አዳራሾች የሚደመጥ ዓይነት።

ሌላው ሰው ጂሚ ታምቦሬሎ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዲንቴል በሚል ስም ብቻውን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚያቀናብር፣ ፊት ለፊት መታየት የማይወድ ሰው ነው። በ2001 ባወጣው አልበም ላይ ጊባርድን ለአንድ ዘፈን ጋበዘው። ያ ዘፈን ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ተወደደ። የሲያትሉ ሙዚቃ ቤት ሰብ ፖፕ ውስጥ የሚሠራ ወዳጃቸው «ለምን ሙሉ አልበም አትሠሩም?» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ታምቦሬሎ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ቅንብር ይሠራል፤ የድራም ማሽን ምት፣ የሲንተሳይዘር ዜማ፣ የተበላሸ ሲዲ ሲዘል እንደሚሰማው ዓይነት ቁርጥርጥ ድምፆች። ድምፃዊ የለበትም፤ አዝማቹ የቱ ጋ እንደሆነም አልተወሰነም። ይህን ቀድቶ በፖስታ ይልካል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው በመኪና 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሲያትል ላይ ጊባርድ ይከፍተዋል፣ ደጋግሞ ይሰማዋል፣ ከዚያ በኮምፒውተሩ ይቆራርጠዋል፤ ይህን ክፍል ያስረዝማል፣ ያንን ይጥላል፣ አዝማች የሚሆነውን ይመርጣል። ግጥምና ዜማ ሠርቶለት ድምፁን ያስገባል፤ ሲያሻው ጊታር ወይም ድራም ይጨምርበታል። ከዚያ መልሶ ይልከዋል። ታምቦሬሎ ሲቀበል የላከው ነገር ዘፈን ሆኖ ያገኘዋል። የ2002 አብዛኛው ክፍል በዚህ ምልልስ አለቀ።

ይህን ከተለመደው የሮክ ባንድ አሠራር ጋር ማስተያየት ነው። አራት ሰዎች በአንድ ጠባብ የመለማመጃ ክፍል ውስጥ ይቆማሉ፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይደበደባል፣ ድምፃዊው እንዲሰማ ይጮኻል። አንድ ሐሳብ በተነሣ በደቂቃ ውስጥ ይፀድቃል ወይም ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው የተሻለው ሳይሆን ድምፁ ከፍ ያለው ነው። በፖስታ ሲሆን ግን ማንም ማንንም አያቋርጥም። ታምቦሬሎ ለድምፃዊ ቦታ ልተው ብሎ ስላልተጨነቀ ቅንብሮቹ በጥቃቅን ድምፆች ጢም ያሉ ናቸው፤ በደህና ማዳመጫ የሚሰማቸው ሰው በአሥረኛው ጊዜም ያላስተዋለው ነገር ያገኛል። ጊባርድ ደግሞ ከጊታር ጋር መፎካከር ስላልነበረበት ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። ያ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የልጅነት ወዝ ያለው ድምፁ በዋናው ባንዱ ውስጥ ከሚሰማው ይበልጥ እዚህ ቅርብ ነው። የሚገርመው በርቀት የተሠራው ሙዚቃ ይህን ያህል የቅርብ መሆኑ ነው።

ርቀት ላይ ሆኖ ድምፅን በጥንቃቄ መላክ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ካሴት ላይ ሰላምታ ቀድቶ፣ የቤተሰቡን ድምፅ በየተራ አስገብቶ፣ ወደ ውጭ በሚሄድ ሰው እጅ የላከ ሁሉ ያውቀዋል። ካሴቱ ፊት የሚናገር ሰው በስልክ እንደሚናገረው አይናገርም። ቃሉን ይመርጣል፤ አድማጩ ምን እያደረገ እንደሚሰማው በዓይነ ኅሊናው ያያል። በ«ጊቭ አፕ» ላይ የሚሰማው የጊባርድ ድምፅ የዚያ ዓይነት ነው።

ከአልበሙ 10 ዘፈኖች በይበልጥ የታወቀው «ሰች ግሬት ሃይትስ» ነው። አጀማመሩን አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም። ትንንሽ፣ ክብ ክብ የሆኑ የሲንተሳይዘር ድምፆች ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ይመላለሳሉ። ምቱ ፈጣን ነው፤ ድምፃዊው ግን አይቸኩልም፤ ከሥሩ የሚሮጠውን ሙዚቃ ትቶ ረጃጅም ሐረጎችን በዝግታ ይዘረጋል። የዘፈኑ ደስታ የሚመነጨው ከዚህ አለመመጣጠን ነው፤ እግር ይሮጣል፣ ልብ ግን አይረበሽም። ጊባርድ እስከዚያ ድረስ ሐዘን ያልገባበት የፍቅር ዘፈን ጽፎ እንደማያውቅ ተናግሯል፤ የዴዝ ካብን ሥራዎች ለሚያውቅ ይህ የሚታመን ነው። በራሱ ባንድ ውስጥ ቢሆን ይህን ያህል ደስ ብሎኛል ለማለት ሳያፍር ይቀራል? የጎን ሥራ አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ሰው በዋናው ሥራው ስም የማይደፍረውን ይደፍራል።

የመክፈቻው ዘፈን «ዘ ዲስትሪክት ስሊፕስ አሎን ቱናይት» ይባላል። ዲስትሪክት የተባለችው እኛ ዲሲ የምንላት ናት። አንድ ሰው የቀድሞ ፍቅረኛው ወደሄደችበት ከተማ ይመጣል፤ አፓርትማዋ ውስጥ፣ አዲሱ ሕይወቷ መሐል፣ የእንግዳ መታወቂያ ደረቱ ላይ እንደለጠፈ ሰው ሆኖ ይቆማል። ዲሲን በታክሲና በሬስቶራንት፣ በሥራ ፈረቃና በሠርግ ለሚያውቃት ኢትዮጵያዊ ከተማዪቱ በሮክ ሰው ዘፈን ውስጥ በዚህ መልክ ስትመጣ ትንሽ ታስገርማለች፤ ስሜቱ ግን አይጠፋውም። ሰው በሌላው ከተማ ውስጥ እንግዳ መሆኑ የሚገባው ጎዳናው ላይ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ቤት ውስጥ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ያንቀላፋ ይመስላል፤ መሐል ላይ ድራሙ ድንገት ሲገባ ያ ሁሉ የታፈነ ነገር ሩጫ ይሆናል።

ሌላ አንድ ዘፈንም መጥቀስ ግድ ነው። «ናቲንግ ቤተር» የቅብብሎሽ ዘፈን ነው፤ ጊባርድ ሂውማን ሊግ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1981 ያወጣውን ታዋቂ የቅብብሎሽ ዘፈን በአእምሮው ይዞ ነው የጻፈው። ወንዱ ይለማመጣል፣ ተስፋ ይደረድራል፣ ቃል ይገባል። ሴቷ፣ በጄን ዉድ ድምፅ፣ በእርጋታ ትመልስለታለች፤ ለምን እንደማይሆን እንደ ስብሰባ ሪፖርት በሠንጠረዥ አስደግፋ። የጊባርድ ቀልድ በዋናው ባንዱ ውስጥ እምብዛም አይወጣም፤ እዚህ ግን በራሱ ላይ ይስቃል። ሌላ ዘፈን ላይ ከኒውክሌር ፍንዳታ በኋላ መጠለያ ውስጥ የተዘጋበት ሰው የሕፃናት መዝሙር በሚመስል ዜማ ያንጎራጉራል። አስፈሪው ነገርና ደስ የሚለው ዜማ ሳይጣሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ሁሉም አልሠመረም። «ዚስ ፕሌስ ኢዝ ኤ ፕሪዝን» ከስሙ እንደሚገመተው ይከብዳል፤ ከመክበዱም በላይ ይጎተታል። የመጨረሻው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ጫጫታ ብቻ ሆኖ ይቆይና ድምፃዊው ሊያልቅ ሲል ብቅ ይላል፤ ታምቦሬሎ ለራሱ ያስቀረው ክፍል ይመስላል። አንዳንዱ ስንኝም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማስታወሻ ደብተር ይሸታል። እነዚህን ስህተቶች የሚያርም ፕሮዲዩሰር፣ ገንዘቡን የሚጠብቅ ትልቅ ኩባንያ ቢኖር ኖሮ አልበሙ ይበልጥ የተስተካከለ፣ ምናልባትም ይበልጥ የሚረሳ ይሆን ነበር።

አልበሙ በፌብሩዋሪ 2003 ወጣ። ያኔ በኢንዲው መንደር ጊታር ንጉሥ ነበር። ከኒው ዮርክ እንደ ዘ ስትሮክስ ያሉ ባንዶች ቆዳ ጃኬትና ጊታር መልሰው ፋሽን ያደረጉበት ጊዜ ነው። ሲንተሳይዘር የ80ዎቹ ቅሪት፣ የማስታወቂያና የዳንስ ቤት ዕቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ከዚህ የተነሣ አልበሙ ሲወጣ ነጎድጓድ አልነበረም። በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ በመጀመሪያው ዙር የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ 114ኛ ነው። ሁለቱ ሰዎች ጄኒ ሉዊስን ይዘው፣ እሷም ራይሎ ካይሊ የሚባል የራሷ ባንድ ያላት ድምፃዊት ናት፣ በትናንሽ አዳራሾች አንድ ዙር ተጫወቱ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሄደ። ጊባርድ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ከዴዝ ካብ ጋር «ትራንስአትላንቲሲዝም»ን አወጣ። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አልበም፣ ሁለቱም ለዘለቄታው የሚጠቀሱ። ይህ በሙዚቃ ውስጥ ብዙ አይገጥምም።

አልበሙ ግን ባለቤቶቹ ጥለውት ከሄዱ በኋላ መሄዱን ቀጠለ። ከሰው ወደ ሰው፣ ተቀድቶ፣ በኢንተርኔት ፋይል ተለዋውጦ። ዘመኑ ሲዲ በቤት የሚቀዱበት፣ ለወደዱት ሰው የዘፈን ስብስብ የሚሰጡበት ነው፤ በየስብስቡ ላይ ደግሞ «ሰች ግሬት ሃይትስ» አይጠፋም ነበር። በ2004 «ጋርደን ስቴት» የተባለው ፊልም ማጀቢያ ላይ ይኸው ዘፈን በሌላ ሰው ድምፅ ወጣ፤ አይረን ኤንድ ዋይን በሚል ስም የሚታወቀው ሳም ቢም በአኩስቲክ ጊታር፣ በሹክሹክታ ዘፈነው። ይህ ለአልበሙ ትልቅ ውለታ ነበር። ሲንተሳይዘር ለሚንቀው አድማጭ ዘፈኑ ያለ ኮምፒውተርም መቆም እንደሚችል አሳየው። ብዙ ሰው ከሹክሹክታው ተነሥቶ ወደ ዋናው ደረሰ። አልበሙ በ2005 የግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ የሆነውን ወርቅ፣ በ2012 ደግሞ የ1 ሚሊዮኑን ፕላቲነም አገኘ።

ለሰብ ፖፕ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሙዚቃ ቤቱ በ80ዎቹ መጨረሻ ግራንጅ የሚባለውን የሲያትል የጫጫታ ሮክ ለዓለም ያስተዋወቀ ነው፤ የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም «ብሊች»ን በ1989 ያሳተመው እሱ ነው፤ ያ አልበም የተቀረጸው በ600 ዶላር ገደማ ነበር። ግራንጅ ካለፈ በኋላ ግን ቤቱ በኩራቱ ብቻ ሊኖር አልቻለም፤ በ1995 ከድርሻው 49 በመቶውን ለዋርነር ሸጠ። በአዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ እንደ ዘ ሺንስ ካሉ ባንዶች ጋር ሆኖ ያንሰራራው በ«ጊቭ አፕ» ጭምር ነው። በሙዚቃ ቤቱ ታሪክ ከ«ብሊች» ቀጥሎ ብዙ ቅጂ የተሸጠው ይኸው አልበም ነው። የጫጫታ ጊታር ቤት ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት ከኒርቫና ቀጥሎ የቆመበት ምሰሶ በድራም ማሽን የተሠራ የፖፕ አልበም መሆኑ የሰብ ፖፕን አፈ ታሪክ ለሚወዱ ሰዎች እስከ ዛሬ ትንሽ ይጎረብጣል።

ማስታወቂያ ሠሪዎችም ዘፈኑን ለቀቅ አላደረጉትም። የ«ሰች ግሬት ሃይትስ» ቪዲዮ የሚታየው የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ነጭ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ሠራተኞች ከማሽኑ ባሻገር ይተያያሉ። በ2006 መጀመሪያ አፕል ኢንቴል ቺፕ ስለገባባቸው ኮምፒውተሮቹ ያወጣው ማስታወቂያ ከዚያ ቪዲዮ ጋር ምስል በምስል የሚመሳሰል ነበር፤ የሠሩትም እነዚያው ዳይሬክተሮች ናቸው። ቡድኑ ማንም እንዳልጠየቀው በአደባባይ ገለጸ፣ ቅሬታውንም አሰማ። ከዚያ የባሰው ወይም የተሻለው፣ እንደ ተመልካቹ ነው፣ በ2007 መጣ። ዩፒኤስ፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዋና ተፎካካሪ የሆነው የዕቃ አድራሽ ኩባንያ፣ አንድ ሰው ነጭ ሰሌዳ ላይ በቡናማ ማርከር እየሣለ የሚያስረዳበትን ተከታታይ ማስታወቂያ ሲያሠራ ማጀቢያ አድርጎ የመረጠው ይህንኑ ዘፈን ነበር። የዘ ፖስታል ሰርቪስ ሙዚቃ የዩፒኤስን ጥቅል ሲያጅብ የፖስታ ቤቱ ጠበቆች ምን እንዳሉ መገመት ለአንባቢ ይተዋል።

የሮክ ሰው ወደ ፖፕ ሲሻገር ጊባርድ የመጀመሪያው አይደለም። በ1981 የቶኪንግ ሄድስ ባሲስት ቲና ዌይማውዝና ባለቤቷ ድራመሩ ክሪስ ፍራንዝ ቶም ቶም ክለብ የሚባል ቡድን አቋቁመው ለዳንስ የሚሆን፣ ፈገግታ የማይለየው አልበም ሠሩ። ከዚያ አልበም የወጣው «ጂኒየስ ኦቭ ላቭ» በሂፕ ሆፕና በአር ኤንድ ቢ ሰዎች ተደጋግሞ ተቆርሶ ተወስዷል፤ ማራያ ኬሪ በ1995 ያወጣችው «ፋንታሲ» በእሱ ላይ የቆመ ነው። በ1991 ከኒው ኦርደር በርናርድ ሰምነር፣ ከስሚዝስ ጆኒ ማር ተገናኝተው ኤሌክትሮኒክ የተባለውን ቡድን አልበም አወጡ። በ1998 ደግሞ የብለር ድምፃዊ ዴመን አልባርን ከሠዓሊው ጄሚ ሂውሌት ጋር ሆኖ አራት የካርቱን ገጸ ባሕርያት ፈጠረና ጎሪላዝ አላቸው። ጎሪላዝ ከብለር ይልቅ በዓለም ዙሪያ ታወቀ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሙዚቀኛው በዋናው ባንዱ ውስጥ ሊያወጣው ያልቻለው ፊት አለው፤ አዲስ ስም፣ አንዳንዴም ጭምብል ይፈልግለታል። አልባርን ከካርቱን ጀርባ ተደበቀ። ዌይማውዝና ፍራንዝ በብልጣ ብልጡ የቶኪንግ ሄድስ ድምፃዊ በዴቪድ በርን ጥላ ሥር ከነበሩበት ወጥተው ተጫወቱ። ጊባርድ ግን ጭምብል አላስፈለገውም፤ 1,800 ኪሎ ሜትሩ በቂ ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጎሪላዝ ቀጠለ፤ ቀጥሎም የጎን ሥራ መሆኑ ቀርቶ ዋና ሥራ ሆነ። ቶም ቶም ክለብም ቀጠለ፤ የመጀመሪያውን የሚያክል ግን አልደገመም። ዘ ፖስታል ሰርቪስ ቆመ።

ሁለተኛ አልበም ሳይታሰብ ቀርቶ አይደለም። በተለያየ ጊዜ ሞክረዋል፤ የተጀመሩ ነገሮችም ነበሩ። ነገር ግን ዴዝ ካብ በ2004 መጨረሻ ከትልቁ ኩባንያ አትላንቲክ ጋር ተፈራረመ፤ የ2005ቱ «ፕላንስ» ተከተለ፤ በ2008 ደግሞ «ናሮው ስቴርስ» በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኖ ገባ። ታምቦሬሎም ወደ ዲንቴል ተመለሰ። የተጀመሩት ነገሮች ካሉበት አልተነቃነቁም። በ2013 አሥረኛው ዓመት ሲከበር በወጣው እትም ላይ የተጨመሩት አዳዲስ ዘፈኖች ሁለት ብቻ ናቸው። ጊባርድ ከዚያ በኋላም ሌላ አልበም እንደማይኖር ደጋግሞ ተናግሯል።

ይህን ስንፍና ወይም የተባከነ ዕድል የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ መለየት የሚያስፈልግ ነገር አለ። የመጀመሪያው አልበም ሲሠራ ማንም አይጠብቀውም ነበር፤ ሁለተኛው ቢሠራ ኖሮ 1 ሚሊዮን ሰው ይጠብቀው ነበር። የፖስታው ዝግታ ያኔ ጸጋ የሆነው የሚቸኩል ሰው ስላልነበረ ነው። ሙዚቃ ቤት ቀን ቆርጦ፣ አድማጭ አንገቱን አስግጎ፣ ቅንብሩ ሦስት ወር መንገድ ላይ ቢቆይ ጸጋው ጭንቀት ይሆን ነበር። ሁለቱ ሰዎች ይህን ያወቁ ይመስላል፤ ወይም ሳያውቁት ደክሟቸው ትተውታል። ለአድማጩ ያው ነው።

የጎደለውን ሁለተኛ አልበም ግን ሌሎች ሠሩት ማለት ይቻላል። በሚኒሶታ ኦዋቶና የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ አዳም ያንግ የተባለ ወጣት በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ኦውል ሲቲ በሚል ስም ማቀናበር ጀመረ። በ2009 «ፋየርፍላይስ» የተባለው ዘፈኑ በቢልቦርድ ሆት 100 1ኛ ወጣ። የሚንጠባጠቡት ሲንተሳይዘሮች፣ የልጅነት ወዝ ያለው ድምፅ፣ ቃላቱን የሚቆርጥበት መንገድ ሁሉ ሰዎችን ወዲያው «ጊቭ አፕ»ን አስታወሳቸው፤ አንዳንዶቹም ቅጂ ነው ብለው ተቆጡ። በፍትሕ ከታየ ኦውል ሲቲ የወሰደው ቅላጼውን ነው፤ የጊባርድን ምሬት አልወሰደም። ያንግ ዘፈን ውስጥ የሚያለቅስ ሰው የለም። «ጊቭ አፕ»ን የሚያቆመው ደግሞ ጣፋጩ ሥር ያለው ያ ምሬት ነው።

ከኦውል ሲቲ ይልቅ ሰፊው ውርስ አሠራሩ ነው። በ2003 ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ አልበም መሥራታቸው በየጋዜጣው የሚወራ አስገራሚ ታሪክ ነበር። ዛሬ የሚያስገርመው ተገናኝተው ቢሠሩ ነው። አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪ ቅንብሩን በቴሌግራም ይለቃል፤ ሜሪላንድ ያለው ድምፃዊ ከሥራ ሲመለስ ጓዳው ውስጥ ድምፁን ያስገባል፤ ሚክሲንጉ ሌላ አገር ይሠራል። ማንም ይህን ተአምር አይለውም። የጠፋው ነገር መንገዱ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ፋይሉ በደቂቃ ይደርሳል፤ በደቂቃም መልስ ይጠበቃል፤ «ሰማኸው?» የሚለው መልእክት ከፋይሉ ቀድሞ ይገባል። የፖስታ ሳጥኑን ከፍቶ የሌላ ሰው ሥራ በእጁ የያዘ፣ ከዚያም ለሳምንታት ማንም ሳይነዘንዘው ብቻውን የሰማ ሰው የሚያገኘው ነገር በዚህ ፍጥነት ውስጥ ብዙም አይገኝም። «ጊቭ አፕ»ን የመሰለ ድምፅ በየስልኩ በሚገኝ መተግበሪያ በአንድ ሌሊት መሥራት ይቻላል፤ ድምፁ ከባድ አልነበረምና።

ቡድኑ ለአሥረኛው ዓመት በ2013 ተሰባስቦ በኮቼላ ፌስቲቫል ላይ፣ ከዚያም በብሩክሊኑ ባርክሌይስ ሴንተር ተጫወተ። በ2003 ትንሽ አዳራሽ ይበቃው የነበረ ቡድን ምንም አዲስ ነገር ሳይሠራ፣ ተኝቶ ባሳለፈው አሥር ዓመት ውስጥ ወደ ስታዲየም አከል አዳራሽ አድጎ ተገኘ። በዚያው ዓመት በቺካጎ የመጨረሻችን ነው ብለው ተሰናበቱ።

በ2023 ግን እንደገና መጡ። ሁለቱ አልበሞች፣ «ጊቭ አፕ»ና «ትራንስአትላንቲሲዝም»፣ በአንድ ዓመት ሃያ ሞላቸው፤ ስለዚህ ጊባርድ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን በተርታ ሊጫወት ወሰነ። በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ በሎስ አንጀለስ ሆሊውድ ቦውል። መጀመሪያ ዴዝ ካብ ጥቁር ለብሶ ይወጣና የራሱን አልበም ይጫወታል። እረፍት ይሆናል፤ የመድረኩ ዕቃ ይለወጣል። ከዚያ ያው ሰው፣ ያው ግንባሩን ላብ ያሰጠመው ድምፃዊ፣ ነጭ ለብሶ ከታምቦሬሎና ከጄኒ ሉዊስ ጋር ይመለሳል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራበት፣ ስሙን ያስጠራለትና ኑሮውን የመራበት ባንድ ቀድሞ ወጥቶ መድረኩን ያሞቃል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ሁለተኛው ተራ የጎን ሥራው ነበር።